«ኮንቬይ» እና የውጫሌ ውል

እዚህ ሄሮን እንግሊዝኛ ስናስተምር ተማሪዎችን ከሚያስቸግሩት ግሦች አንዱ «ኮንቬይ» ነው። መዝገበ ቃላቱ «ማስተላለፍ» ብሎ ያልፈዋል። ሥሩ ግን በላቲን «መንገድ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን በጥንቱ ፈረንሳይኛ አብሮ መሄድን፣ ማጀብን ያመለክት ነበር። መኪኖች ታጅበው ሲያልፉ «ኮንቮይ» የምንለውም ወንድሙ ነው። ስለዚህ መናገር ብቻውን ኮንቬይ ማድረግ አይደለም፤ ሐሳቡ ሳይጎድል ሰሚው ዘንድ መድረስ አለበት። ዓረፍተ ነገር ስትሠሩም መልእክቱ ይቀድማል፣ ተቀባዩ «ቱ» ከሚለው በኋላ ይመጣል።

ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው ሰው የውጫሌን ውል ማንሳት ይበቃል። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ እርዳታ መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ይጠቀሙበታል፣ ባይፈልጉ ይተዉታል ማለት ነው። የጣሊያንኛው ግሥ ግን «ኮንሴንቴ» ነው፤ በኢጣሊያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል እንደ ማለት። የሚገርመው ደግሞ 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ ናቸው፣ እኩልም ይታመናሉ ይላል!

በጥቅምት 1882 ኢጣሊያ በዚህ አንቀጽ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለኃያላኑ አስታወቀች። ምኒልክ ንግሣቸውን ለእንግሊዝና ለጀርመን ነገሥታት በደብዳቤ ሲያስታውቁ፣ በኢጣሊያ በኩል ይሁን የሚል መልስ መጣላቸው። ነገሩ የተገለጠው ያኔ ነው። በ1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ የአማርኛው ቃል ግዴታ እንዳልሆነ ጻፉ፤ በ1885 ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ ላይ ጦርነት ሆነ።

ጥፋቱን ሁሉ አስተርጓሚው ላይ የሚጥሉ አሉ። እኔ በበኩሌ አይመስለኝም። ውሉን የተዋዋለው ኮንት አንቶኔሊ ሸዋ ውስጥ ለዓመታት የኖረ፣ አማርኛም የሚያውቅ ሰው ነበር። ቅኝ ግዛት የፈለገ መንግሥት ያንን ቃል ቢያጣ ሌላ ሰበብ አያጣም ነበር። ያም ሆኖ ከድሉ በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው የተጻፈው። ጣሊያንኛው ቀረ።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የ1951 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ስምምነት ወደ አገሩ መመለስ «ስለማይችል» እና «በፍርሃት ምክንያት ስለማይፈልግ» ሰው ለይቶ ይናገራል። በቃለ መጠይቅ ላይ አንዱ «እንዴት ብዬ እመለሳለሁ?» ይላል። አስተርጓሚው ይህን «መመለስ አልፈልግም» ብሎ ብቻ ቢያስተላልፈው ፍርሃቱ መንገድ ላይ ቀረ። ስለዚህ ተማሪዎች፣ የተጻፈው ቃላችሁ ተመልሶ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ ስታዳምጡም ግሡን ያዙ። ለሚመጣው ሳምንት «አልችልም»፣ «አልፈልግም»፣ «እፈራለሁ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ ሦስት ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጽፋችሁ ኑ።