የጽጌ ሌሊት በዋሽንግተን

አገር ቤት አደይ አበባው ሜዳውን አልብሶት ሳለ፣ እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ቅጠሉ ቀልቶ ይረግፋል። ማኅሌተ ጽጌ፣ የአበባው ወቅት የሌሊት ዝማሬ፣ ግን ቀኑን አይስትም፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት ሰንበቶች ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል።

መጀመሪያ የቆምነው የሌላ ቤተ እምነት አዳራሽ ተከራይተን ነው። ወንበሩን ገፍተን ከግድግዳ እናስጠጋና ጫማችንን በር ላይ እናወልቃለን። አንድ ከበሮ፣ ሦስት ጸናጽል ነበረን፤ መቋሚያ ያልደረሰው ባዶ እጁን ይቆማል። ግማሻችን ታክሲ አቁመን የመጣን ነን። መሪጌታችንም ቀን ቀን የመኪና ማቆሚያ ትኬት ይቆርጡ ነበር።

የእሳቸውን ሸክም የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አገር ቤት ሙያው የተከፋፈለ ነው፤ ድጓ የሚመሰከረው በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር ነው፤ ቅኔ የሚሻ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራ ይሻገራል። አንድ ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲዞር ዕድሜውን ይጨርሳል። እዚህ ግን ያ ሁሉ ጉባኤ ቤት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። መሪጌታ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት ይመራሉ፣ እሑድ ከሰዓት ሕፃናት ያስተምራሉ፣ በዓል ሲመጣ ወረብ ያስጠናሉ፣ በየበዓሉ አዲስ ቅኔ ያወርዳሉ።

አመራራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። እጃቸውን አያነሡም። ቁም ዜማው ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል ይባላል። ከዚያ መቋሚያቸው ወደ ግራ ጋደል ሲል መዘምራኑ ሁሉ ወደ ዝማሜ ይገባሉ። መረግድ ላይ ከበሮው ሲነሣ፣ ዓይናቸው ከመቺው መዳፍ አይነቀልም፤ ከቸኮለ መቋሚያቸውን አንዴ ወለሉ ላይ ጠበቅ አድርገው ያሳርፋሉ፣ ልጁም ይሰበሰባል። ጽፋት ሲደርስ ያን ሁሉ ሰዓት የያዙትን ይለቁታል፤ አዳራሹ ይናጣል።

ስለ ድርሰታቸው ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም። ቅኔ የዕለቱ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት፤ እሷንም በበረዶ ቀን፣ ከትኬት ጀርባ ላይ በእርሳስ ሲጽፉ አግኝቻቸዋለሁ። በረዶውን ሰም አድርገውት ነበር። አንድ ቀን ተሰምታ የምትቀር ድርሰት ስለሆነች፣ ያን ትኬት ለምኜ ወሰድኩ፤ ዛሬም አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2008፣ እኛ ሁለት ሺሕን ካከበርን በኋላ፣ የአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያው ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩም ለባህል ጥበብ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት ሲቀበሉ አለቀስኩ። ሽልማቱ የሰጣቸው ስም የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ የሚል ነው። ከያሬድ የወረደው ዜማ በዚህ አገር እንደ ጥበብ ተቆጠረ። መሪጌታ ወሬውን ስነግራቸው፣ «ደግ፣ እሰይ! ልጆቹስ ዛሬ መጡ?» አሉኝ።

ልጆቹ እዚህ የተወለዱ ናቸው። ግእዙን በላቲን ፊደል ጽፈው ሲመጡ ተቆጥቼ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። መሪጌታ ዝም ብለው ከላቲኑ በላይ ምልክቱን ጻፉላቸው፤ ይዘት፣ ደፋት፣ ርክርክ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን እነ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያበጁት ምልክት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቹ ራሳቸው ላቲኑን ጣሉት፤ ምልክቱ ከግእዙ ፊደል ጋር ነው የሚገጥመው አሉ።

ዛሬ የራሳችን ሕንፃ አለን፣ ከበሮውም አራት ደርሷል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ግን የለንም። ባለፈው ጽጌ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከበሮ የሚመታው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ላቡን እየጠረገ አጠገቤ መጣና፣ «ጋሼ፣ ከጎንደር ዙር አምባ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ወደ መሪጌታ አመለከትኩት።