ጸሐፊው ያላያቸው ፊቶች

ታሽኮፕሩዛዴ አሕመድ የኢስታንቡል ቃዲ ነበር። ዓይኑ ሲጠፋ ከዳኝነቱ ወንበር ወረደ፤ ከደራሲነቱ ግን አልወረደም። ከመጀመሪያው ዑስማን እስከ ሱለይማን ድረስ በአሥር ሱልጣኖች ዘመን የኖሩትን የሊቃውንትና የሼሆች ታሪክ በዓረብኛ እየተናገረ አስጻፈ፤ መጽሐፉንም እ.ኤ.አ. በ1558 ፈጸመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዐረፈ።

በዳግማዊ ዑስማን ዘመን (1618–1622) የዚሁ መጽሐፍ የቱርክኛ ትርጉም በሥዕል አጌጠ። ዛሬ በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት የሚገኘውን ቅጅ ናክሺ የተባለው ሠዓሊ ወደ 50 በሚጠጉ ሥዕሎች ሞላው። ዓይነ ስውር የተናገረውን ሠዓሊ እንዲያየው ተጠየቀ ማለት ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ናክሺ ሳይወለድ የሞቱ ናቸው፤ መልካቸውን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ የሣለው ማዕረጋቸውን ነው፦ ግዙፍ ጥምጥም፣ ረጅም ጢም፣ መጽሐፍ፣ በፊታቸው የተንበረከከ ተማሪ። ከአንዱ ሊቅ ጥምጥም ላይ ዓይናችንን አንሥተን ወደ መስኮቱ ብናሻግር ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። በመስኮቱና በበሩ ወዲያ ሕንጻው እየራቀ፣ እያነሰ ይሄዳል። ሠዓሊው በነጻነት የተነፈሰው እዚያ ይመስላል።

በፋርስ በኩል ነገሩ ይለያል። በ16ኛው መቶ ዓመት መግቢያ በሄራት የተደረሰው «መጃሊስ አል-ዑሻቅ» ሱፊዎችንና ባለቅኔዎችን ሁሉ በፍቅር የተነደፉ አድርጎ ይተርካል፤ የሺራዝ ሠዓልያንም ደጋግመው ሥለውታል። በ1273 የሞተው ሩሚ እዚያ ብዕር ይዞ አልተቀመጠም፤ በወርቅ አንጥረኛው ሱቅ ደጃፍ የመዶሻውን ምት ተከትሎ ይዞራል። መጽሐፉ የሱልጣን ሑሴን ባይቀራ ነው ይባል ነበር። ባቡር ግን በማስታወሻው የጋዙርጋሂ ሥራ መሆኑን ገልጦ፣ ውሸት የበዛበት ነው ሲል ያጣጥለዋል። ውሸቱ ቢበዛም ለሠዓሊው የሚሣል ድርጊት ሰጥቶታል፤ የቃዲው እውነት ያልሰጠው ይህን ነው።

ከሁለቱም የሚለየው አሽቅ ቸሌቢ ነው። እርሱም ቃዲ ነበር፤ በ1568 የፈጸመው የባለቅኔዎች ታሪክ ግን አብረውት የበሉትን፣ የተቀኙትን፣ የተጣሉትን ጭምር ይዟል። በኢስታንቡል ሚሌት ቤተ መጻሕፍት ባለው ባለሥዕል ቅጅ፣ ከገለጻቸው ባለቅኔዎች መካከል ደራሲው ራሱ ተሥሎ ይታያል።

ናክሺም እንዲሁ አደረገ። የሊቃውንቱ ተራ ካለቀ በኋላ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ፣ የራሱን ምስል አኖረ። በመስታወት አይቶ ሊያውቀው የሚችለው ፊት ይህ ብቻ ነበር።