የታምወርዟ እናት

እስቲ ጠጋ በሉ፣ አንዲት እናት ሕግ ስላስለወጡበት ጉዳይ ላውጋችሁ። አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ከተማዋ ታምወርዝ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ያለች የገበሬዎች ከተማ ናት። በዚያች ከተማ አቶ ሉ ሐስላም የፖሊስ የዕፅ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሉሲ ደግሞ ነርስ ነበሩ። ካናቢስ በእንዲህ ያለ ቤት ስሙ የሚነሣው ለወቀሳ ብቻ ነው።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2010 ልጃቸው ዳን ገና በ20 ዓመቱ የአንጀት ካንሰር ተገኘበት። ኬሞቴራፒው ተጀመረ። ማቅለሽለሹና ማስመለሱ እህል ከአፉ ነጠቀው፤ ልጁ ከበሽታው ይልቅ በሕክምናው ተዳከመ። የሐኪም ማስታገሻ ሁሉ አልያዘለትም። በኋላ ካናቢስ እንዲሞክር ተመከረ። አስቡት እንግዲህ! አባት ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ቅጠል ነው። ግን የልጅ ሥቃይ ምን ያላስችላል? ዳን ሞከረው፤ ማቅለሽለሹ ለቀቀው፤ ምግብ ጠየቀ። ካንሰሩን አላዳነውም፤ ይህን ማንም እንዳይስት። የሰጠው እፎይታ ነው፣ እፎይታ ደግሞ ለታማሚ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤተሰቡ ዝም ብሎ ተደብቆ መጠቀም ይችል ነበር። ወይዘሮ ሉሲ ግን አደባባይ ወጡ። ሌላው ታማሚ ለምን እንደ ወንጀለኛ ይሸማቀቃል አሉ። ለአቤቱታቸው ከ200,000 በላይ ፊርማ ተሰበሰበ፤ ዩናይትድ ኢን ኮምፓሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2014 ሐኪሞችንና ፖለቲከኞችን ታምወርዝ ድረስ ጠርተው ጉባኤ አካሄዱ። የክፍለ ግዛቱ መሪ ማይክ ቤርድ ከዳን ጋር ተገናኙ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥታቸው የሕክምና ሙከራ እንደሚደረግ አስታወቀ።

ዳን የካቲት አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2015፣ በ25 ዓመቱ አረፈ። ልክ በዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት፣ የፌዴራሉ ፓርላማ ካናቢስ ለመድኃኒትና ለምርምር በፈቃድ እንዲመረት የሚያስችለውን ሕግ አጸደቀ።

የዚያው ተክል ሌላ ዘር የሆነው ሄምፕም ካናቢስን የመፍራቱ ሰለባ ነበር። የሚያሰክረው ንጥረ ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ገመድና ጨርቅ፣ ዘይትና የግድግዳ መሥሪያ ይወጣዋል። ኒው ሳውዝ ዌልስ በ2008 ገበሬ በፈቃድ እንዲዘራው ሕግ አወጣች፤ ፍሬውን መብላት ግን በመላ አገሪቱ የተፈቀደው በኖቬምበር 2017 ነው። ገበሬ ዘርቶ ፍሬውን ለገበታ እንዳይሸጥ መከልከሉ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ነበር።

ወደ ካናቢሱ ልመለስ፤ የመድኃኒቱ ሕግ ከወጣም በኋላ ወይዘሮ ሉሲ አላረፉም። መድኃኒቱ ውድ ነው፣ የወረቀቱ ጣጣ በሽተኛን ያደክማል እያሉ መሟገታቸውን ቀጠሉ። እውነታቸውን ነው። በየትም አገር ስለ መድኃኒት ሕግ የምታረቅቁ ሰዎች፣ እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አስታማሚዎቹን ጠርታችሁ ስሟቸው።