ክሱን የሚያስቀረው ማን ነበር?

በማኅበራችን የቡና ሰዓት ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ተበዳይዋ ይቅር ካለች ክሱ ይቀራል ወይ?» እንደ ወንጀሉ ነው። ስድብና ስም ማጥፋት በግል አቤቱታ የሚያስቀጡ ስለሆኑ ተበዳይ ካላመለከተ ክስ የለም። ጠለፋና አስገድዶ መድፈር ግን ከዚህ ወገን አይደሉም። ዱሮ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረ።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ቢያደርገውም፣ የተጠለፈችው በነፃ ፈቃዷ ጠላፊዋን ካገባችና ጋብቻው ከጸና ሰውየው አይከሰስም ነበር። ለመድፈርም እንዲሁ። «በነፃ ፈቃዷ» የሚለውን እናቶቻችን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ልጅቱ በሰው ቤት ተዘግቶባት ሳለ የጠላፊው ዘመዶች ሽማግሌ ይልካሉ፤ አባት ካሳ ይቀበላል፤ «ከእንግዲህ ማን ያገባታል?» ይባላል። እሷ እሺ ስትል መዝገቡ ይዘጋል። ሽማግሌዎቻችንን መናቃችን አይደለም፤ ስንት ደም አድርቀዋል። እዚህ ላይ ግን የታረቁት ሁለቱ አባቶች ነበሩ።

የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ይህ እንዲለወጥ ብዙ ደከሙ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ተጠያቂነትን እንደማያስቀር በግልጽ ይናገራል። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አባትም እናትም ሄደው አያነሱትም። ሽማግሌው ዛሬም ይመጣል። የሚለምነው ልጅቱ ምስክርነቷን እንዳትሰጥ ነው።