«በሳምንት ስንት ቀን?»፦ የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ መጠን እንዴት ተወሰነ?



የታሪክ መምህር እንደ መሆኔ ሥራዬ መዝገብ ማንበብ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ጤና ተቋም የሕፃናት ፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ መዝገብ ሳገላብጥ በየገጹ «አልመጣም» የሚል ቃል አገኘሁ። ቀጠሮው በሳምንት 3 ቀን ነበር። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ልጁ ለምን እንዳልመጣ አይደለም፤ 3 ቀን የተባለው በምን ማስረጃ ነው የሚል ነው።

ይህ መጠን እንደ ዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል። ቀድሞ ልምሻ የያዘው ልጅ እግሩ በጀሶ ታስሮ ለወራት ሳይንቀሳቀስ ይተኛ ነበር። አውስትራሊያዊቷ ሲስተር ኤልዛቤት ኬኒ ይህን ተቃውማ በትኩስ ጨርቅና በእንቅስቃሴ አከመች፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ወደ አሜሪካ ከተሻገረች በኋላ አስተሳሰቧ በሰፊው ተሰማ። በአገራችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው ቼሻየር በመናገሻ ማዕከሉ ልጆችን እያሳደረ ሲረዳ ቆይቷል። በማዕከል ለሚያድር ልጅ የመንገድ ጥያቄ አይነሣም።

ቁጥሩ ከራሱ ከአካሉ ጠባይ የሚመነጭበት ሕመምም አለ። ቆልማማ እግር በፖንሴቲ ዘዴ ሲታከም ጀሶው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ልዩ ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎም በእንቅልፍ ሰዓት እስከ 4 ዓመት ዕድሜ ገደማ ይደረጋል። ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ሊቆለመም ስለሚችል በዚህ ቁጥር መደራደር አይቻልም።

ሴሬብራል ፓልሲ ግን እንዲህ ያለ የታወቀ ሰዓት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 56 ልጆችን ተከታትሎ፣ ለ6 ወራት የተጠናከረ ፊዚዮቴራፒ ያገኙት ከተለመደው መጠን ካገኙት ጎልቶ የሚታይ ብልጫ እንዳላሳዩ ዘገበ። በ2009 ደግሞ በኦኩፔሽናል ቴራፒ የተደረገ አነስተኛ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ወላጆች ለ8 ሳምንታት በወር 17 ጊዜ ያህል፣ በየጊዜው ለ17 ደቂቃ ገደማ ቤት ውስጥ ያሠሯቸው ልጆች መሻሻላቸውን አሳየ። ልምምዱ የተመረጠው ቤተሰቡ ራሱ ካስቀመጠው ግብ በመነሣት ነበር።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? ከሃላሌም ሆነ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ልጇን አዝላ ሶዶ የምትመጣ እናት፣ ቀጠሮ ሲሰጣት የገበያ ቀኗንና የትራንስፖርት ገንዘቧንም እየወሰንን ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ልጁ ምን ማድረግ እንዲችል ይፈለጋል? ሕመሙ የራሱ ሰዓት አለውን? ቤት ውስጥ ማን ያሠራዋል? ከሳምንታት በኋላ ግቡ ይመርመር፤ መጠኑም እንደ ውጤቱ ይጨመር፣ ይቀነስ ወይም ይቁም።

አደራ፣ ይህ ለድኻ ልጅ አነስተኛ ሕክምና ይበቃዋል ማለት አይደለም። እናት ሳትሠለጥን፣ ተከታታይ ሳይመደብላት «ቤት አሠሪው» ማለት ልጁን መተው ነው። የምለው፣ ሊፈጸም የማይችል ቀጠሮ ሰጥተን «አልመጣም» ብለን ስንጽፍ የመዘገብነው የእናቲቱን ጥፋት ሳይሆን የራሳችንን ውሳኔ ነው።