ዋስና ውሰት፦ መጽሐፍን ለተማሪ የማመን ታሪክ ከገዳም ዕቃ ቤት እስከ ሄንደርሰን

የመጻሕፍታችን ታሪክ በአመዛኙ የተጻፈው ስለ መጻሕፍቱ እንጂ ስለ አንባቢዎቻቸው አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ስለ ተዘረፉትና ወደ 350 የሚጠጉት ብሪቲሽ ሙዚየም ስለ ገቡት ብራናዎች እኛ በስደት ያለን ምሁራን ብዙ ቀለም አፍስሰናል፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ብራናዎቹ ባይዘረፉ ኖሮ ማን ያነባቸው እንደ ነበር፣ በተለይ ተማሪ የተባለው ወገን በምን ሥርዓት ሊዋሳቸው ይችል እንደ ነበር ስንጠይቅ እምብዛም አልተሰማንም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚያነሣው እኔ በምኖርባት በሄንደርሰን ከተማ ከገጠመኝ አንድ ትንሽ ነገር ተነሥቶ ነው። ስለ አገራችን የሚጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ፣ ስለ አሜሪካ የሚጠቀሱት ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል አሳስባለሁ።

ሄንደርሰን ከላስ ቬጋስ በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ፣ በ1941 ለጦርነቱ ማግኒዝየም ለማምረት በተቋቋመ ፋብሪካ ዙሪያ የተቆረቆረች፣ በ1953 የከተማነት መብት ያገኘች፣ ዛሬ ከ300,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። በዚህ ሸለቆ የሰፈረው ወገናችን አብዛኛው በካሲኖና በሆቴል ሥራ፣ በታክሲ ሾፌርነትና በልዩ ልዩ ንግድ የሚተዳደር ነው። አንድ ምሽት ወደ ሌሊት ፈረቃዋ ልትሄድ የተነሣች አንዲት የአገሬ ልጅ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ወረቀት ይዛ መጣች። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ በትምህርት ቤቱ አማካይነት ለተማሪዎች የበተነው የካርድ ማመልከቻ ነበር። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ። ፈርሚ ይላል። ስፈርም ዋስ መሆኔ ነው?» አለችኝ። እኔም እንደ መምህር የእንግሊዝኛውን ቃል በትክክል ተርጉሜ፣ «ልጅሽ ለምትወስደው መጽሐፍ ኃላፊነት መውሰድሽ ነው» አልኋት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ልጅቷ ብትጥለውስ? እኔ በሰው አገር ዕዳ ፈርሜ አላውቅም።»

መጀመሪያ ያልተማረ ሰው ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን የታሪክ ትዝታ ሆኖ አገኘሁት። በቋንቋችን ዋስ፣ ውሰት፣ ተዋሰና አዋሰ የተጎራበቱ ቃላት ናቸው። «ተዋሰ» ስንል አንድም ሊመልስ ዕቃ ወሰደ ማለታችን ነው፤ አንድም ለሌላው ሰው ዋስ ሆነ ማለታችን ነው። በአገራችን ሙግት «ዋስ ጥራ» የተባለ ሰው ዋስ ካላገኘ መላወሻ የለውም፤ ዋስ የሆነለት ሰው ደግሞ ተከራካሪው ቢጠፋ ዕዳውን ይሸከማል። እንግዲህ ከዚህ ባህል የወጣች እናት «ፈርሚ» ስትባል ዋስ መጠራቷን ብትጠረጥር ምን ያስደንቃል?

ከዋስም በፊት ግዝት ነበረ። የብራና መጽሐፍ የሚጠበቀው በሥጋዊ ሕግ ሳይሆን በመጽሐፉ በራሱ ላይ በሚጻፍ እርግማን እንደ ነበር እናውቃለን፤ የሰረቀውም የባለቤቱን ስም የፋቀውም በሐዋርያት ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይጻፍበታል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መጻሕፍት ዝርዝር በአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ላይ በ13ኛው መቶ ዓመት ተመዝግቦ መገኘቱ፣ አባቶቻችን መጽሐፍን ቆጥሮና መዝግቦ በመያዝ ረገድ ከማንም እንዳልዘገዩ የሚያስረዳ ነው። ነገር ግን መዝገቡ የገዳሙን ሀብት ቁጥር እንጂ የአንባቢን መብት አይናገርም። መጽሐፉ የቅዱሱ ንብረት ነው፤ የሚያድረው በዕቃ ቤት፣ ቁልፉም በጠባቂው እጅ ነው።

የቆሎ ተማሪው ታዲያ እንዴት ተማረ? መልሱ የታወቀ ነው፤ በቃሉ ተማረ። ዜማውንም ቅኔውንም ከመምህሩ አፍ ተቀበለ፤ የትርጓሜ መጻሕፍትንም ጉባኤው ፊት አንዱ ሲያነብ ሌላው እየሰማ አወጣቸው። የራሱ መጽሐፍ ቢኖረው ዳዊት ነው፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ ራሱ ይገለብጣል። ይህን የቃል ትምህርት ማድነቅ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ እኔም አደንቀዋለሁ። ሆኖም ግማሹ ትጋት ግማሹ ደግሞ የመጽሐፍ እጦት እንደ ነበር ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል። አንድ ብራና የስንት በግና ፍየል ቆዳ እንደሚፈጅ ለሚያውቅ ሰው፣ ለልጅ አለማዋሱ ጭካኔ ሳይሆን ኢኮኖሚ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ፣ ማለትም የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፣ የተፈሪ መኮንን ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ከተከፈቱ በኋላ፣ የታተመ መጽሐፍ እየበዛ ሄደ። ከጣልያን ወረራ በኋላም በ1936 ዓ.ም. ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር የምንለው፣ ተቋቋመ። ግዝቱ ቀረ፤ ጥርጣሬው ግን አልቀረም። በወመዘክር መጽሐፍ የሚነበበው በዋነኛነት እዚያው አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ብሔራዊ ቅርስ ጠባቂ የሆነ ተቋም ይህን ማድረጉም አይነቀፍም። የሚነቀፈው፣ ከእርሱ ቀጥሎ የተቋቋሙት የየከተማውና የየትምህርት ቤቱ ንባብ ቤቶች ቅርስ ጠባቂ ሳይሆኑ የቅርስ ጠባቂን ጠባይ መውረሳቸው ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በእኔ አስተያየት የደርግ ዘመን ካፈራቸው ጥቂት በጎ ነገሮች አንዱ ነው፤ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፣ በገጠር ንባብ ቤቶችንም አስከፍቷል። ፊደል የቆጠረውን ሕዝብ ግን መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቱ እንዲገባ የሚያስችል ሥርዓት አልተከለም። በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው ሰፊው የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት እንኳ ስሙ የገነነው በአዳራሹና በመቀመጫው ብዛት ነው።

እኔ ራሴ ያደግሁት በወሎ ነው። በ1970ዎቹ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ መጽሐፍ ወደ ቤት ለመውሰድ ደመወዝተኛ ዋስ ማቅረብ ግድ ነበር፤ መጽሐፉ ከጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። አባቴ በርበሬና ጨው የሚሸጥ ሰው ነበርና ደመወዝ አልነበረውም፤ ስለዚህ ለገዛ ልጁ ዋስ ሊሆን አልቻለም። አንድ የታሪክ መምህሬ ፈረመልኝ። የተክለ ጻድቅ መኩሪያን የታሪክ መጻሕፍት በዚያ ፊርማ ቤቴ ወስጄ በኩራዝ አነበብሁ። በዓመቱ መምህሩ ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር ዋስትናው ወረደ፤ እኔም ካርዴን መለስሁ። ዶክትሬቴን በውጭ አገር ስሠራ ስንት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ስንት ካርድ እንደ ያዝሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፤ ያ የመለስሁት ግን እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

አሜሪካኖችም ቢሆኑ ከዚህ ሥርዓት ተሻግረው የመጡ እንጂ በነጻ ካርድ የተወለዱ አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙዎቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተዋሹ ንብረት ያለው ዋስ እንዲያስፈርም ይጠይቁ ነበር፤ ከ12 ወይም ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅም አያውሱም ነበር። የኒው ዮርክ ግዛት በ1835 እያንዳንዱ የትምህርት ወረዳ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም 20 ዶላር ግብር እንዲጥል በሕግ ፈቀደ። ሐሳቡ ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ ወደ መምህራን ደመወዝ እየዞረ፣ መጻሕፍቱም ተቆጣጣሪ አጥተው በየቤቱ እየተበተኑ ቀሩ። ትምህርት ቤት ብቻውን ቤተ መጻሕፍት መሆን እንደማይችል በዚህ ታየ። መፍትሔው ከማሳቹሴትስ መጣ። የዉስተር ከተማ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ስዊት ግሪን በ1879 ከትምህርት ቤቶች ጋር ተስማምቶ፣ መምህራን በስማቸው ብዙ መጻሕፍት እያወጡ ለተማሪዎቻቸው እንዲያድሉ አደረገ። የልጁ ዋስ ሀብታም ጎረቤት መሆኑ ቀርቶ መምህሩ ሆነ ማለት ነው። የእኔን የታሪክ መምህር ያስታውሷል። ልዩነቱ፣ በዉስተር ያ መምህር ቢዛወር የሚተካው መኖሩ ነው፤ ዋስትናው የሥራው እንጂ የሰውዬው አልነበረም።

ይህን ስናገር ግን የአሜሪካን ካርድ ለማሞገስ ብቻ እንዳይመስል። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር ተማሪ ዋስ ቢጠራም ባይጠራም በሩ ዝግ ነበር። በመጋቢት 1961 የቱጋሉ ኮሌጅ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች በጃክሰን፣ ሚሲሲፒ፣ ለነጮች ብቻ በተከለለው የከተማው ቤተ መጻሕፍት ገብተው መጽሐፍ ይዘው በመቀመጣቸው ታሰሩ። ዛሬ ልጆቻችን ያለ ጥያቄ የሚገቡበትን በር ከፈቱት ሰዎች መካከል እነዚህ ዘጠኙ እንዳሉበት ለልጆቻችን መንገር የእኛ ፋንታ ነው።

ለስደተኛ ልጅ ይበልጥ የሚጠቅመው እርምጃ ደግሞ ከፍርድ ቤት መጣ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት አልቀበልም እንዳይል ከለከለ። እንግዲህ ለካርዱ የአድራሻ ማስረጃ ሆኖ የሚያገለግለው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ከሆነ፣ የኪራይ ውልና የመብራት ደረሰኝ በስሙ የሌለው ቤተ ሰብ ልጅም ሊዋስ ይችላል። የትምህርት ቤትና የቤተ መጻሕፍት ኅብረት ትልቁ ጥቅም በእኔ ዓይን ይህ ነው፤ ማስታወቂያውና ፖስተሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በ1987 የትምህርት ሚኒስትሩ ዊልያም ቤኔት ልጅ ሁሉ ካርድ እንዲይዝ ካሳሰቡ ወዲህ መስከረም የካርድ ማውጫ ወር ሆኖ ይከበራል። ናሽቪል በ2009 የተማሪውን መታወቂያ ራሱን የቤተ መጻሕፍት ካርድ አደረገች፤ መጽሐፉም ትምህርት ቤቱ ድረስ ይላካል። በ2015 ፕሬዚዳንት ኦባማ ተማሪ ሁሉ ካርድ እንዲያገኝ የሚል ጥሪ ሲያቀርቡ ከ30 በላይ ከተሞችና ካውንቲዎች ተቀበሉት።

ከእኛም ወገን ይህን ትምህርት ወደ አገር ቤት ይዞ የተመለሰ ሰው ነበረ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በስደት መጥቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ፣ በልጆች መደርደሪያ ላይ የአገሩን ቋንቋ ቢፈልግ አጣ። በ1998 ድርጅት አቋቁሞ፣ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቆየት ብሎም በሐዋሳ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ወደ ልጆቹ ሰደደ። ከብዙ የጥናት ጉባኤዎቻችን ይልቅ የአንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥራ ርቆ መጓዙን ስጽፍ ራሴንም ጨምሬ መውቀሴ ነው።

ወደ ሄንደርሰን እንመለስ። ኔቫዳ በ1955 ባወጣችው ሕግ የትምህርት ወረዳዎቿን በየካውንቲው አዋሐደች፤ ስለዚህ የክላርክ ካውንቲ ትምህርት ወረዳ ወደ 300,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን በአንድ አስተዳደር ይዟል። ቤተ መጻሕፍቶቹ ግን አልተዋሐዱም፤ ሄንደርሰን የራሷ አላት፣ የላስ ቬጋስና የክላርክ ካውንቲው ሌላ ነው፣ ሰሜን ላስ ቬጋስም እንዲሁ። አንድ ትምህርት ወረዳ ከብዙ ቤተ መጻሕፍት ጋር መዋዋል አለበት ማለት ነው። በዚያ ላይ በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ የተማሪ መዝገብ በዘፈቀደ ለሌላ ወገን እንዳይተላለፍ ይገድባል። ስለዚህ ብዙ ቦታ የሚመረጠው ቀላሉ መንገድ ነው፤ ወረቀት በልጁ ቦርሳ ይላካል፣ ወላጅ ይፈርማል። ቀላልነቱ ግን ለቢሮው እንጂ ለስደተኛ ወላጅ አይደለም። «ካልፈለጋችሁ አሳውቁን» የሚል ሥርዓት ልጁን ካርድ ያስይዘዋል፤ «ከፈለጋችሁ ፈርሙ» የሚለው ግን ፊርማ ማለት ዕዳ ከሆነበት አገር የመጣውን ቤተ ሰብ ከውጭ ያስቀረዋል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች በሕግ ፊት ተቀራራቢ ናቸው፤ በእኛ ቤት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የፍርሃቱ ሌላው ምክንያት ቅጣት ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በጥር 2019 የመዘግየት ቅጣት ድኾችን የሚያርቅ መሆኑን በውሳኔ ካስታወቀ ወዲህ ቺካጎና ሳን ፍራንሲስኮን የመሳሰሉ ከተሞች በዚያው ዓመት ቅጣቱን አንሥተዋል። ወሬው ግን በአማርኛ አልተነገረም። ማኅበሮቻችን ለዓመት በዓል ጥሪ የሚያትሙትን ያህል አንድ ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ አዘጋጅተው ለየትምህርት ቤቱ ቢሰጡ ወጪው የፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። ትርጉሙን ግን እንደ እኔ ላለ ሰው ባይሰጡት ይሻላል።

ያችን እናት ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የአገር ቤት ሱቅ ውስጥ እንጀራ ስትገዛ አገኘኋት። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። በዚህ ጊዜ ኃላፊነት የሚለውን ቃል ትቼ፣ ቢጠፋ የሚጠየቀው የዚያው የአንድ መጽሐፍ ዋጋ መሆኑን፣ ቤት ንብረት የሚነካ ነገር እንደሌለበት ነገርኋት። «የአንድ መጽሐፍ ዋጋ ስንት ነው?» አለች። የልጆች መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚሸጥ ነገርኋት። «ይሄማ የአንድ ሌሊት ቲፕ አይሞላም፤ ምነው ያን ጊዜ እንዲህ ብለው ቢነግሩኝ ጋሼ!» ብላ እንጀራው የተከመረበት ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ዘርግታ ፈረመች። ከዚያም እስክሪብቶውን ሳትመልስልኝ፣ ለእርሷም እንዲህ ያለ ካርድ ይሰጡ እንደሆነ ጠየቀችኝ።