ከ17ኛው አንቀጽ በፊት 3ኛው፦ የውጫሌ ውልና የገበሬው መሬት

ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥታችሁ፣ ደሴን አልፋችሁ የወልዲያን መንገድ ብትይዙ ከሐይቅ ቀጥሎ ውጫሌን ታገኛላችሁ። እዚያው አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የውጫሌ ውል ሲነሳ ሁላችንም የምንጠራው 17ኛውን አንቀጽ ነው። የአማርኛው «ይቻላቸዋል» በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ ጠቡም ከዚያ መጣ ብለን ተምረናል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው ታሪክ አይደለም። እስኪ ወደ 3ኛው አንቀጽ እንመለስ። ድንበር የሚያሰምረው ይህ አንቀጽ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን በጣሊያን ክልል ያስገባል። እነዚህን ስሞች ያዙልኝ።

ጊዜው ክፉ ቀን ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ድረስ የደስታ በሽታ ከብቱን ፈጀው፤ በሽታው ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ ይታመናል። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አቃተው። ብዙው ሞተ፣ ብዙው ተሰደደ፣ እርሻውም ጾሙን አደረ።

በደጋው ኤርትራ መሬት የዘመድ ርስት ነው፤ አለዚያም ድሳ በሚባለው ሥርዓት የመንደሩ የጋራ ሀብት ሆኖ በየጊዜው ለነዋሪው ይደለደላል። ጾም ያደረ መሬት ታዲያ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የተሰደደው ተመልሶ ይጠይቀዋል፤ ከብትም ይሰማራበታል። ቅኝ ገዢው ግን ያልታረሰውን ሁሉ «ባዶ» ብሎ ጻፈው፤ ባዶ የተባለውም የመንግሥት ሆነ። እንግሊዞች አውስትራሊያን የያዙት በዚሁ ዓይነት ሐሳብ ነበር።

ፍራንኬቲ የተባለው የጣሊያን ፓርላማ አባል የሰፈራውን ሥራ ይመራ ነበር። ዓላማው በአገሩ መሬት ያጡ ገበሬዎችን እዚህ ማስፈር ነበር፤ ጥቂት ቤተሰቦችም ጎዶፈላሲ ሰፈሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ300 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ለመንግሥት ተወሰደ።

በታኅሣሥ 1887 ባህታ ሓጎስ ሸፈተ። ባህታ የጣሊያን ወዳጅ የነበረ የአካለ ጉዛይ ሹም ነው፤ ለሽፍትነቱ ካበቁት ምክንያቶች ዋናው የመሬቱ መወሰድ ነበር። የተነሳው ከሰገነይቲ ነው፤ የተገደለው ሐላይ ላይ ነው። ሁለቱም 3ኛው አንቀጽ ውስጥ በስም የተጠቀሱ መንደሮች ናቸው!

በወሩ ራስ መንገሻ ኮአቲት ላይ ከጣሊያን ጋር ገጠሙ። በዓመቱ ምኒልክ ክተት ሲሉ ጦሩ እንዲገናኝ ከታዘዘባቸው ቦታዎች አንዱ ወረኢሉ፣ እዚሁ ደቡብ ወሎ ነበር። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛም ዓድዋ ደረሰ። ከድሉ በኋላ ኤርትራን ያስተዳደረው ማርቲኒ የመሬት ነጠቃውን ገታው፤ መሬት መንጠቅ አመፅ እንደሚወልድ ታይቶ ነበርና።

ትምህርቱ ግን ብዙ አልቆየም። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 የጣሊያን ጦር ደሴ ገባ። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መንገድ ተሠራ። ሰፋሪ የማምጣቱ ዕቅድም እንደገና ተነሳ፦ ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ ለቀድሞ ወታደሮች እርሻ ተከፈተ፣ ወገራና ጨርጨርም ለሰፋሪ ታጩ። የመጣው ቤተሰብ ግን ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነበር፤ አርበኛው እረፍት ነስቷቸዋል፣ ወጪውም ከብዷቸዋል። ሚያዝያ 1933 ደሴ ከእጃቸው ወጣች።

17ኛውን አንቀጽ ብቻ ስንተርክ ጉዳዩ የአስተርጓሚ ስህተት ወይም ተንኮል ይመስላል፤ ቃሉ ቢስተካከል ሁሉም ሰላም የሚሆን ያህል። የአካለ ጉዛይ ገበሬ ግን ርስቱን ያጣው በትርጉም አይደለም። ንጉሡ በፈረሙት መስመርና ገዢው «ባዶ» ብሎ በጻፈው ቃል ነው። ስለዚህ መሬት ባዶ ነው ሲባል ስትሰሙ፣ ባዶ ያለው ማነው፣ የተሰደደው ባለቤትስ ተጠይቋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።